አህያ ስትታመም፣ አህያ ስትደክም

በገበሬ ቤት ብዙ የምትሠራ፣ ጥቂት የምትበላ፣ ስሟም በክፉ የሚነሣ አንዲት እንስሳ አለች። አህያ ናት። ሰው ሰውን ሲሰድብ «አንተ አህያ» ይላል። ግን እህሉን ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? ውሃውን ከምንጭ፣ ማገዶውን ከዱር፣ ማዳበሪያውን ከከተማ የሚያመጣው ማን ነው? አህያ ናት። አህያ በሌለበት ቤት ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ እንደሚወድቅ እናቶችና ልጃገረዶች አሳምረው ያውቁታል።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ይህን ያህል አህያ እያለን ስለ አህያ ጤና የምናውቀው ግን ጥቂት ነው።

በሬ ሲያረጅ ይሸጣል፤ ታርዶም ይበላል። በግና ፍየልም እንዲሁ። የአህያ ሥጋ ግን በእኛ ዘንድ አይበላም። ስለዚህ አህያ ስታረጅ ወይም እግሯ ሲሰበር «ከእንግዲህ ምን ትሠራለች?» ይባላል። ከመንደር ወጣ ተደርጋ ሜዳ ላይ ትተዋለች። ሌሊት ጅብ ይመጣል። ቀሪውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የታመመች አህያ እንዴት እንደምትታከም ነው። ሁለተኛው፣ ሕክምና የማያድናት ስትሆን ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ቢሆንም አብረን እናየዋለን።

፩. አህያ ሕመሟን ትደብቃለች

ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ይራገጣል፤ ዞሮ ዞሮ ሆዱን ያያል። አህያ ግን እንደዚህ አታደርግም። አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ዝም ብላ ትቆማለች። ባለቤቷም «ዛሬ ደግሞ ሰነፈች» ይልና ዱላ ያነሣል። ሰነፈች የተባለችው አህያ ግን ታማ ይሆናል። እንግዲህ አህያ ባሕርይዋ ከወትሮው ሲለወጥ ከዱላ በፊት ዓይን ይቅደም።

ጠዋት ከመጫናችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ፦

ሀ. ማታ የተሰጣትን በልታለች ወይ?
ለ. ፋንድያ ጥላለች ወይ? ፋንድያው እንደ ወትሮው ነው ወይ?
ሐ. በአራቱም እግሮቿ እኩል ትቆማለች ወይ?
መ. ጀርባዋን በእጃችሁ ስትዳስሱ ትሸማቀቃለች ወይ?
ሠ. ዓይኗ ጥሩ ነው ወይስ እንባና ዓይነ ምድር አለው?
ረ. ትንፋሿ እንዴት ነው?

ትንፋሿን ለማወቅ ጎኗን እያያችሁ ቁጠሩ። ጎኗ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ይባላል። ያረፈች ጤነኛ አህያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ12 እስከ 28 ጊዜ ትተነፍሳለች። ሳትሠራ ቆማ ከዚህ በላይ የምትተነፍስ ከሆነ አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ሰዓት ያለው ሰው ደቂቃውን ይያዝላችሁ። ቁጥር ተምራችኋልና መቁጠሩ ከእንግዲህ አይቸግራችሁም።

መጻፍም እንዲሁ ለዚህ ይጠቅማል። አህያዋ ስትታመም በደብተራችሁ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«መጋቢት 3። ገለባ ተወች። ውሃ ትጠጣለች።»
«መጋቢት 4። ውሃም ቀነሰች። ፋንድያ አልጣለችም።»

ይህን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ብትሄዱ ሐኪሙ ብዙ ነገር ይረዳል። «ሰሞኑን አሟታል» ከማለት «ሁለት ቀን ሆናት» ማለት በእጅጉ ይሻላል።

፪. ገጣባ

የአህያ ትልቁ ሥቃይ የጀርባ ቁስል ነው። ገጣባ እንለዋለን። ገጣባ ከሰማይ አይወርድም። የሚመጣው ከጭነት ነው። ጭነቱ ሲበዛ፣ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ፣ መጫኛው ያለ ምንጣፍ ሲጠብቅ ቆዳው ይላጣል። በተላጠው ላይ ነገም ይጫናል። ከነገ ወዲያም ይጫናል። በመጨረሻም አጥንት ድረስ ይገባል።

አህያ ከክብደቷ ሲሶውን ብትሸከም ይበቃታል። እስቲ እናስላው። አህያዋ 120 ኪሎ ብትመዝን፣ 120 ለ3 ሲካፈል 40 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ግን 100 ኪሎ ነው። ኩንታል ሙሉ እህል የምንጭንባት አህያ ከሚገባት ከእጥፍ በላይ ተሸክማለች ማለት ነው። ምንጣፏም ሁለት ሆኖ ይሰፋ። በጭድ የተሞላ አንድ ትራስ በቀኝ፣ አንድ በግራ ይሁን። በመሐል ያለው የጀርባ አጥንት ነጻ ሆኖ አየር ያግኝ።

ቁስል ከወጣ በኋላ እንዲህ ይደረጋል። ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን እጠቡ። ትል ካለበት አንድ በአንድ ልቀሙት። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ማር ቀቡት። ማር ቁስል ያደርቃል፤ ያጠራልም። ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁት። በየቀኑ እንዲሁ አድርጉ።

ማድረግ የማይገባንም አለ። የጋለ ብረት አታስነኩት። የባትሪ ውሃ አታፍስሱበት። የተቃጠለ ዘይትም አትቀቡት። እነዚህ ሁሉ ጤነኛውን ሥጋ አብረው ያቃጥላሉ።

ዋናው መድኃኒት ግን ዕረፍት ነው። ቁስሉ ደርቆ አዲስ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ጀርባዋ ላይ ምንም አይጫን። «ታዲያ ሥራው እንዴት ይሁን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግር ነው። ከጎረቤት ጋር በደቦ እንደምታርሱ ሁሉ አህያም በተራ መዋዋስ ይቻላል። ሦስት ሳምንት ያላረፈች አህያ ዓመት ሙሉ ታርፋለች ወይም ከናካቴው ትጠፋለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

፫. ምግብ እምቢ ስትል

አህያ ምግብ ስትተው ችላ አትበሉ። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ስብ እየቀለጠ ወደ ደሟ ይገባል። ጉበቷን ይጎዳዋል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ከሁሉ በላይ የምታሰጋው ወፍራም አህያና እርጉዝ አህያ ናት። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ያልበላች አህያ ስታዩ በዚያው ዕለት ሐኪም ፈልጉ።

ሆዷን ከቆረጣት፣ ፋንድያ ካልጣለችና ሆዷ ከተነፋ ሐኪም እስኪመጣ ምግብ አንሡላት፤ ውሃ ግን አትከልክሉ። ቀስ አድርጋችሁ አንሸራሽሯት። የቁርጠት ምልክት ከሌላት ደግሞ ለምለም ሣር ወይም በውሃ የራሰ ፍሩሽካ አቅርቡላት።

አንድ ክፉ ልማድ አለ። መድኃኒት ነው ተብሎ በአፍንጫዋ የሚፈስስ ነገር አለ። ተኝታ ሳለችም አፏን ከፍተው የሚያጠጧት አሉ። ይህ ውሃ ወደ ሆዷ አይሄድም። ወደ ሳንባዋ ይገባል። ብዙ አህያ ከበሽታው ሳይሆን ከዚህ መድኃኒት ሞቷል።

ያረጀች አህያ ብትከሳ ወዲያው «ቀኗ ደረሰ» አትበሉ። አፏን ተመልከቱ። የሣር እንክብል አኝካ አኝካ የምትጥል ከሆነ ጥርሷ አልቋል ማለት ነው። ድርቅ ያለ ገለባ መፍጨት አትችልም። የተከተከተና የራሰ ምግብ ስጧት። የሆድ ትል መድኃኒትም ከጤና ኬላ ጠይቁላት። በደንብ የተያዘች አህያ ከ25 እስከ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች። የእኛ አህዮች ብዙዎቹ ከዚህ ሳይደርሱ የሚሞቱት ከዕድሜ ይልቅ ከድካም ነው።

፬. ወድቃ የማትነሣ አህያ

ወድቃ የቀረች አህያ ስታዩ በዱላ አትምቷት። ጭራዋንና ጆሮዋንም አትጎትቱ። መጀመሪያ ጭነቷን አራግፉ። ጥላ አድርጉላት። ከሥሯ ወፍራም ጭድ አንጥፉ። በደረቷ እንድትቀመጥ በጭድ የሞላ ጆንያ ከግራና ከቀኝ ደግፉላት። በአንድ ጎኗ ብቻ ከተኛች ሥጋዋ ይሞታል፤ ሳንባዋም ይጨነቃል። ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ አገላብጧት። ውሃ በጣሳ አፏ ድረስ አቅርቡ።

ሰኮናዋንም አንሥታችሁ እዩ። ጠጠር ወይም ሚስማር ገብቶ ይሆናል። አንዳንዴ «እግሯ ተሰበረ» የተባለች አህያ ጠጠር ሲወጣላት ተነሥታ ትሄዳለች።

፭. ለሰውም የሚያሰጉ ሁለት በሽታዎች

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በታመመ ውሻ ወይም ቀበሮ የተነከሰች አህያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልታብድ ትችላለች። ለሃጭዋ ይዝረበረባል። መዋጥ ያቅታታል። ራሷን ትነክሳለች፤ በሰው ላይም ትነሣለች። አፏ ውስጥ እጃችሁን አታግቡ። ከሰውና ከከብት አርቃችሁ ለሐኪም ንገሩ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። የነከሰችው ወይም ለሃጭዋ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ያን ቦታ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛው አባ ሰንጋ ነው። እንስሳው በድንገት ይሞታል። ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሊወጣ ይችላል። እንዲህ የሞተውን እንስሳ አትክፈቱ፤ ቆዳውን አትግፈፉ። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋልና ለጤና ኬላ ተናገሩ። የአባ ሰንጋ ክትባት በአገራችን ይሠራል። የሚሠራውም በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

፮. ሦስቱ ጥያቄዎች

እስካሁን ስለ ማዳን ተናገርን። አሁን ግን ማዳን የማይቻልበትን እንይ።

ሰዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ መዳን የምትችለውን አህያ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ይጥላታል። ሌላው ደግሞ መዳን የማትችለውን አህያ «እግዜር ያውቃል» እያለ በሥቃይ ያቆያታል። ሁለቱም አህያዋን ይጎዳሉ። ከሁለቱ ለመዳን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች ወይ?
ሁለተኛ፣ ሰው ሲያግዛት እንኳ መቆም ትችላለች ወይ?
ሦስተኛ፣ ሥቃይዋን የሚያቆም መድኃኒት አለ ወይ?

ለአንዱ ጥያቄ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ካለ ገና ተስፋ አለ ማለት ነው። ሐኪም ይጠራ፤ ማስታመሙም ይቀጥል። ገጣባ፣ መክሳት፣ ማነከስ፣ የሆድ ትል፣ የጥርስ ማለቅ፣ እነዚህ ሁሉ የሞት ፍርድ አይደሉም።

ሦስቱም መልስ «የለም» ከሆነ ግን እውነቱን መቀበል ነው። ራሳቸውን ችለው የሚያስፈርዱም ጉዳቶች አሉ። የጭን ወይም የክንድ አጥንት ተሰብሮ ቆዳ ቀዶ የወጣ እንደሆነ አይድንም። ሰው እግሩ ሲሰበር አልጋ ላይ ይተኛል። አህያ ግን ወር ሙሉ መተኛት አትችልም፤ በሦስት እግር መቆምም አትችልም። ሆዷ ተቀዶ አንጀቷ የወጣ፣ ጅብ ታፋዋን ቦጭቆ የተዋት፣ በመንጋጋ ቆልፍ ሰውነቷ ደርቆ መዋጥ ያቃታት አህያም እንዲሁ ናት። እንዲህ ያለችው አህያ ስትበላ ብትታይ እንኳ ሐኪሙን ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቁት።

ውሳኔውን አንድ ሰው በንዴት አይወስን። ባልና ሚስት ይነጋገሩ። እንስሳ የሚያውቅ ጎረቤት ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ሐኪም ይየው። ደግሞም ውሳኔው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን። ቀን ያልተወሰነውን ነገር ሌሊት ጅብ ይወስነዋልና።

፯. «እኔ አልገደልኳትም»

ለምሳሌ እንዲህ እንበል። አንድ ቤተሰብ አለ። አህያቸው ከገበያ ስትመለስ ገደል ገባች። የኋላ እግሯ ጭኑ ላይ ተሰበረ። አጥንቱ ወጥቶ ይታያል። ሐኪሙ መጥቶ «አትድንም» ብሏል። አባወራው፣ ሚስቱና እናቱ ይነጋገራሉ።

አባወራው፦ «ከወንዙ ማዶ ወስደን እንተዋት። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ በእጄ ነፍስ አላጠፋም።»

ሚስቱ፦ «አንቱ አያጠፉም፤ ጅቡ ግን ያጠፋል። ዘጠኝ ዓመት ውሃ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። ሌሊቱን ጩኸቷን እየሰማሁ እንዴት ልተኛ ነው?»

አባወራው፦ «እማዬ፣ እስቲ እርስዎ ይናገሩ። ነውር አይደለም ወይ?»

እናቱ፦ «ልጄ፣ እኔም እፈራለሁ። በኔ ዘመን አህያ የገደለ አይወደስም ነበር። ግን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወንዙ ማዶ የምትወስዳት ለምንድን ነው? ጩኸቷ እንዳይሰማህ አይደለም ወይ? እንዳንሰማው የምንርቀው ነገር ደግ ነገር አይደለም።»

የእኚህን እናት ንግግር አስቡት። አባወራው ክፉ ሰው አይደለም። ነፍስ ማጥፋት ያስፈራዋል። ፍርሃቱን አንንቅም፤ ሕይወትን ያከበረ ሰው ፍርሃት ነውና። ነገር ግን ጅብ እንስሳን ቶሎ አይገድልም። ከኋላዋ ይጀምራል። በሕይወት እያለች ይበላታል። እግሯ የተሰበረ አህያ መሮጥ አትችልም፤ መራገጥም አትችልም። በጅብ ፊት የጣላት ሰው «እኔ አልገደልኳትም» ቢል እውነት ሊመስለው ይችላል። ሞቷን ግን መርጦላታል። የመረጠላትም ከሞት ሁሉ ክፉውን ነው።

ያዳነ ሰው መልካም አደረገ። ማዳን ያልቻለ ሰው ደግሞ ሥቃይን ቢያሳጥር መልካም አደረገ። ይህን ማሳረፍ እንለዋለን።

፰. ማሳረፍ እንዴት ይደረጋል?

ማሳረፍ ማለት ፈጣንና ያለ ሥቃይ የሆነ ሞት ነው። ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው የሐኪም መርፌ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ይሰጣታል። እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ትሆናለች፤ ከዚያም ልቧ ይቆማል። ይህ መድኃኒት ግን በበድኗ ውስጥ ይቀራል። በድኑን የበላ ውሻ፣ ጅብ ወይም ጥንብ አንሳ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በመርፌ ያረፈች አህያ የግድ በጥልቅ ትቀበር።

ሁለተኛው ጥይት ነው። የሚተኩሰው የተፈቀደለትና ተኩስ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በቀበሌያችሁ የሠለጠነ ሚሊሻ ካለ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ይሠራዋል። ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከቀኝ ዓይኗ እስከ ግራ ጆሮዋ ሥር፣ ከግራ ዓይኗም እስከ ቀኝ ጆሮዋ ሥር በሐሳባችሁ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ግንባሯ ላይ ይሻገራሉ። ቦታው እሱ ነው። በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ያለው ቦታ ዝቅ ስለሚል ትክክል አይደለም። አፈሙዙ ግንባሯን ሳይነካ ቀረብ ብሎ ወደ አንገቷ ያነጣጥራል። ከአህያዋ ኋላና ፊት ማንም አይቁም። ልጆችም ይራቁ።

ከወደቀች በኋላ እግሯ ሊንፈራገጥ ይችላል። ይህ ሕይወት አለባት ማለት አይደለም። መሞቷን የምናውቀው ትንፋሿ ሲቆም፣ ልቧ ሲቆምና የዓይኗ ብሌን በጣት ጫፍ ሲነካ ሳይርገበገብ ሲቀር ነው።

በድንጋይ፣ በመጥረቢያ፣ በገመድ ወይም በመርዝ መግደል ማሳረፍ አይደለም። ሥቃይ መጨመር ነው። መርዝ ደግሞ የጎረቤትን ውሻም ይፈጃል።

ሐኪሙም ተኳሹም በዕለቱ ካልተገኙ ምን ይደረግ? አህያዋን አትተዋት። ሰው ወደ ቀበሌ ላኩ። እስኪመለስ ድረስ ጥላ፣ ጭድና ውሃ ስጧት። ከመሸ እሳት አንድዱና በተራ ጠብቋት። አንድ ሌሊት ነው። እሷ ለእናንተ ብዙ ሌሊት ከገበያ መንገድ ላይ ነበረች።

በመጨረሻው ሰዓትም የምታውቀው ሰው ገመዷን ይያዝ። የምትወደውን ምግብ ስጧት። ጩኸትና ግርግር አታድርጉ። አብራት የኖረች ሌላ አህያ ካለች በድኗን አይታና አሽትታ እስክትሄድ ድረስ ተዉአት። አህያ ጓደኛዋን ታውቃለች። ጓደኛዋ በድንገት የጠፋችባት አህያ ታዝናለች፤ ምግብም ልትተው ትችላለች። ምግብ መተው ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ተምረናል።

፱. ከሞተች በኋላ

በድኗን መንገድ ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ፣ ጎርፍ የማይሄድበት ቦታ ተመርጦ ይቆፈር። በበድኑ ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ይኑር፤ አለበለዚያ ጅብና ውሻ ያወጡታል። በላዩም ድንጋይ ይከመር። ጉድጓድ መቆፈር ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ለአምስት ሰው ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የታመመች ወይም ያረጀች አህያ ለቆዳዋ የሚገዛ ነጋዴ ሊመጣ ይችላል። የአህያ ቆዳ በቻይና ለባህል መድኃኒት ይፈለጋል። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ሕዝብ ስለተቃወመው በዚያው ዓመት ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ብሎ ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። የታመመች አህያ ለሩቅ ነጋዴ መሸጥ ሥቃይዋን አያቆምም። በረጅም መንገድ ላይ ያለ ውሃና ያለ ምግብ ያራዝመዋል እንጂ።

እንግዲህ ትምህርታችንን እንጠቅልል። ጠዋት ጠዋት አህያችሁን ተመልከቱ። ስትታመም አሳርፏት፤ አክሟት፤ ቀኑን ጻፉ። መዳን የምትችለውን አትጣሉ። መዳን የማትችለውን አታሠቃዩ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። እውነት ነው፤ የአህያ ባል አያስጥልም። የአህያ ባለቤት ግን ማስጣል ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አህያ ስትታመም ከፈረስ የምትለየው በምንድን ነው?
2. የእናንተ አህያ 150 ኪሎ ብትመዝን ስንት ኪሎ ብትጭኗት ይበቃል? አስሉና ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ገጣባን በምን ታክማላችሁ? ከእነዚህ የትኛው ይጠቅማል? የትኛው ይጎዳል?
4. ሦስቱን ጥያቄዎች ከቃላችሁ ጻፉ።
5. አባወራው፣ ሚስቱና እናቱ ከተናገሩት ውስጥ ከማን ጋር ትስማማላችሁ? ለምን?
6. በቀበሌያችሁ እግሯ የተሰበረ አህያ ብትገኝ ማን ይጠራል? ማን ይቆፍራል? ተነጋገሩና የሰዎቹን ስም በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።